ሎሚ በላ

አሳምነው ነገር ሳያጣራ እንቅልፍ አይወስደውም። ከጎጃም ተዛውሮ አስመራ ከገባ ወር ሳይሞላው፣ ፌዴሬሽኑ በፈረሰ በሁለተኛው ዓመት፣ የመሥሪያ ቤቱ የቲያትር ክበብ ውስጥ ዘው አለ። የደረሰው የመልእክተኛ ቦታ ነው። ቲያትሩ ሁለት ፍቅረኞች የሚሞቱበት ነው፤ መልእክተኛው «ጌታዬ፣ ዘገየሁ» ብሎ ይወጣል፤ በቃ።

ይሄ አልዋጥለት አለ። አዘጋጁን ወልደትንሣኤን ነዘነዘው። «ለምን ዘገየ? መንገድ ላይ ማን አገኘው? ጠላ ቤት ገብቶ ነው? ሰዎቹን የጨረሳቸው እኮ እሱ ነው!»

«አንተ ሰውዬ፣ የጨረሳቸው ዕጣቸው ነው። ቃልህን ተናገርና ውጣ።»

«እንዴ! ዕጣ እግር አለው እንዴ? መልእክተኛ ይልካል እንጂ!»

ሁሉም ሳቁበት። ከሳቁት አንዱ አስመሮም ነው፤ የዓባ ሻውል ሰፈር ልጅ፣ በቲያትሩ አፍቃሪውን የሚጫወት፣ በኑሮውም ያው። ሓዝሓዝ የምትኖረውን የሻለቃውን ልጅ እማዋይሽን ይወዳታል፤ እሷም እንደዚያው። ሻለቃው ግን ጎንደር ላለ ወዳጁ ሊድራት ቆርጧል። የቀራቸው ሽማግሌ መላክ ነው። የእማዋይሽ እናት ከፍቅረኞቹ ጎን ናት፤ ቀኑን ካወቀች ባሏን በዘዴ ቤት ታውለዋለች፤ ቤቱ የገባ ሽማግሌን ደግሞ ሻለቃም ቢሆን አያባርርም። ታዲያ ቀኑን ማን ያድርስ? የእናትየዋ አገር ልጅ፣ ከቤቱ ገብቶ ቢወጣ ማንም የማይጠረጥረው አሳምነው!

ቅዳሜ ጠዋት ቀኑን ሊሰማ ዓባ ሻውል፣ አስመሮም ቤት ሄደ። አስመሮም ሽማግሌዎቹን ሊሰበስብ ወጥቷል። እናቱ ወይዘሮ ዘቢብ አማርኛ የላቸውም። በሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ሓዝሓዝ እያወናጨፉ፣

«ሎሚ በላ!» አሉት።

«ሎሚ በላ?»

«እወ! ሎሚ በላ!»

እሺ ብሎ ወጣ። ሰው በባዶ ሆዱ ሎሚ ለምን ይበላል? ጉሮሮው ቢያብጥ ነዋ። ይህን ጊዜ ምች መትቶታል! እዳጋ ሓሙስ ፌርማታ ሲደርስ አስመሮምን በሐሳቡ አልጋ ላይ አስተኝቶት ነበር፤ ሓዝሓዝ ሲደርስ ትኩሳት ጨመረለት።

«አሞታል» አላት እማዋይሽን። «ሎሚ እየበላ ነው።»

«ውይ፣ እኔን! ቀኑስ?»

«በሽተኛ ምን ቀን አለው? ሲሻለው ነዋ!»

ይህን ብሎ፣ ግዳጁን የተወጣ መስሎት፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ልምምድ ላይ አስመሮም ቀረ። አሳምነው አንገቱን እየነቀነቀ «አልተሻለውም ማለት ነው» አለ። «እናቱ ቅዳሜ ‹ሎሚ በላ› ሲሉኝ ጊዜ ገብቶኛል።»

ወልደትንሣኤ ክው አለ። «አሳምነው፣ ‹ሎሚ› እኮ በትግርኛ ዛሬ ማለት ነው። የሚበላውንማ ለሚን ነው የምንለው። ‹በላ› ማለት ‹ንገራት› ነው። ‹ዛሬ ነው በላት› ብለውሃል!»

አሳምነው ልምምዱን ጥሎ ወጣ። እየሮጠ ሓዝሓዝ ደረሰ። እናትየዋ ዓይኗ አብጧል። ቅዳሜ ባሏ ለጉዳይ ወጥቶ፣ እሷና ልጇም ሳይኖሩ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተው በሩን ተቆልፎ አገኙት። ማታ ጎረቤት ለሻለቃው ነገረባቸው። «ከኋላዬ ሽማግሌ!» ብሎ ሻለቃው ጮኸ፤ እሑድ ጠዋት ልጅቱን በመኪና ጭኖ ወደ ጎንደር ሰደዳት። እናትየዋ ይህን ሁሉ ተናግራ አንድ ጠርሙስ አስያዘችው።

ዓባ ሻውል ሲደርስ አስመሮም ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጤነኛ ነው፤ ፊቱ ግን የሰው አይመስልም።

«ሽማግሌዎቹ ‹የተቆለፈ በር መልስ ነው፤ ዳግመኛ አንሄድም› አሉኝ» አለ። «ቀኑን እያወቀች ቆልፋ ወጣች። ካልፈለገችኝ ምናለ በአፏ ብትነግረኝ?»

አሳምነው ዝም ቢል ይችል ነበር፤ አልቻለም። የሎሚውን ነገር አንድ ሳያስቀር ተናዘዘ፤ ጠርሙሱንም አቀበለው።

«ምንድን ነው?»

«ጸበል ነው። ቅዳሜ በሩን ቆልፈው የወጡት ይህን ሊያመጡልህ ነው። እናቷ እንደነገረችኝ፣ መኪናው ሲነሣ እንኳ እማዋይሽ ‹ተሻለው ወይ?› እያለች ነበር።»