ማይኩ ጋ የሚቆመው

የጄኔቭና የዙሪክ ኳየሮች ለፋሲካ አብረው ሊዘምሩ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን በተከራየነው አዳራሽ ተገናኙ። ሁለቱም እንደልማዳቸው በቁመት ተሰልፈው ገቡ፤ አጭሩ ፊት፣ ረጅሙ ኋላ። ረጅሙ የሚቆመው ማይኩ ጋ ነው፤ ማይኩ ጋ የቆመ ደግሞ ለብቻ የሚዘመረውን ሶሎ ይይዛል። ከጄኔቮቹ ረጅሟ መሪያቸው ኂሩት ናት። ከኛ ከዙሪኮቹ ደግሞ መሪያችን ሜሪ። ሁለቱ ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ የሚነጋገሩት በምርቃት ብቻ ነው።

«እህት ሜሪ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ይለካ» አለች ኂሩት።

«አንቺንም ይባርክሽ። ፋሲካ እስኪያልፍ እንለካካ?»

የኮምፒውተር ኮዲንግ መማር የጀመረው የኛው ቢኒያም ጣልቃ ገባ። የሰሞኑ የቤት ሥራው ይኸው ነበር፤ የተደረደሩ ሁለት ሰልፎችን አንድ ማድረግ።

«ተሰልፋችኋል እኮ! ከየሰልፉ ፊት ያሉትን ሁለቱን ብቻ አስተያዩ። አጭሩ ወደ አዲሱ ሰልፍ ይግባ፣ ከኋላው ያለው ይተካው። አንድ ዙር፣ አለቀ።»

ሠራ። ሰው ከዚህም ከዚያም እየገባ ተቀላቀለ፤ ሁለቱ መሪዎች ብቻ ቀሩ። ጀርባ ለጀርባ ቆሙ።

«ታኮሽን አውልቂ፣ ሜሪዬ።»

«አንቺም ያንን የፀጉር ክምር ዝቅ አድርጊው።»

ጫማ ወለቀ፣ ፀጉር ዝቅ አለ። እኩል ናቸው።

«እኩል ሲሆኑስ ምን ይላል ትምህርትህ?» አልኩት ቢኒያምን።

«ማንኛዋም ትግባ። ለውጥ የለውም።»

«ለውጥ የለውም?!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። የዚያን ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ቀድማ የገባችው አጭር ተብላ ልትቀር ነው፤ የቆየችው ሶሎውን ልትወስድ።

ማንም አልገባም።

በመጨረሻ ኂሩት ወደ በሩ ዞረች። «የጄኔቭ ልጆች፣ ውጡ! ባቡር አለን።»

የተነቃነቀ የለም። ከሁለት ዙሪኮች መሀል የቆመችው ጽዮን ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «እህት ኂሩት፣ አሁን ከወጣሁ ቦታዬን ይይዙብኛል» አለች።

«አንዱ ሰልፍ ካለቀ፣ የቀረው ሳይለካ ይገባል» አለ ቢኒያም። የጠየቀው አልነበረም።

ሜሪ ሄዳ ማይኩ ጋ ቆመች። «በሰላም ያግባሽ፣ እህቴ።»

ኂሩት ጫማዋን አጠለቀች። ማይኩን ከመቆሚያው ነቀለች፣ ገመዱን በክንዷ ጠቀለለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ይሄ የጄኔቭ ነው» አለች። «እሱ አልተቀላቀለም።»

ሜሪ በባዶ እግሯ፣ ባዶውን ዘንግ ተደግፋ፣ ረጅሟ ሆና ቀረች።