የአስማማው ቁመት

«እኔ በቁሜ እያለሁ የልጄን ኮርቻ ማንም ዝቅ አያደርገውም!» አሉ እትዬ ወለተ ኪዳን፣ የብስክሌቱን መቀመጫ በሁለት እጃቸው አንቀው።

«እማማ፣ ትናንት ድልድዩ ላይ ወደቅሁ እኮ! ጉልበቴን አይተውታል» አለች ምራታቸው የሺመቤት።

«ቀስ ብለሽ አትነጂም? ሰጋር በቅሎ መሰለሽ?»

ብስክሌት ጠጋኙ አለበል ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ የተነፈሰ ጎማ ያገላብጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ጠብ ሲያገኝ ቀልድ አያልቅበትም ነበር።

አስማማው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደብዳቤው ከተቋረጠ ስምንት ወር ሆኖታል። ሚስቱ የሺመቤት ዓባይ ማዶ እስካለው ፋብሪካ ድረስ በእሱ ብስክሌት ትመላለሳለች። እሱ ሎጋ ነው፤ እሷ ከደረቱ አታልፍም። ፔዳሉን በእግሯ ጣት እየፈለገች ነው የምትነዳው። ብስክሌቱ አንድ ጊዜ ጤፍ ተጭኖበት ተሰብሮ ሲበየድ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበት ቱቦ ውስጡ ጠቧል፤ ኮርቻው ዝቅ የሚለው ዘንጉ ከታች ሲቆረጥ ብቻ ነው። ከተቆረጠ ደግሞ ለአስማማው ቁመት አይበቃም።

እትዬ ወለተ ኪዳን በአለበል ተማምነው ነው የመጡት። አምና ምራታቸው ይህንኑ ስትለምነው፣ «ባለቤቱ ሳይፈቅድ ብረት አልቆርጥም። አስማማው ሲመጣ ምን ልለው ነው?» ብሎ መልሷት ነበር። ይህን ሕጉን ለቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ አላጠፈም።

«ንገራት እንጂ፣ አንተ አለበል! ምላስህን ምን ያዘው? ባለቤቱ ሳይፈቅድ ትቆርጣለህ?»

አለበል ቀና ብሎ የሺመቤትን አየ። የሺመቤት አቀረቀረች። ተነሣና የብረት መጋዙን ከግድግዳው አወረደ።

«ይልቀቁልኝ፣ እትዬ» አላቸው በለሆሳስ።

እጃቸው በራሱ ለቀቀ።

መጋዙ ብረቱን መብላት ሲጀምር ዛሬ ጧት የእድሩ ዳኛ አቶ ክንዱ ያሏቸው ትዝ አላቸው። «እሑድ ማልደው ቤት ይኖራሉ?» «ቅዳሴ እሄዳለሁ እንጂ።» «ግድ የለም፣ ሳይነጋ እንመጣለን።» ማኅበር ሊያስገቡኝ ነው ብለው ነበር። ከግንባር ቆስሎ የተመለሰው የጎረቤት ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ብቅ ብሎ ሰላም አላላቸውም። ቅር ብሏቸው ነበር፤ ለካ ዓይናቸውን ማየት ፈርቶ ኖሯል።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ምራታቸውም እስከዚያ አፏን ይዛ፣ በአንድ ትሪ አብራቸው እየበላች ሰንብታለች። እንባዋን የት ስታፈሰው እንደ ሰነበተች እግዜር ይወቅ።

እሪታው መጣባቸው። ዋጡት። እዚህ ቢጮኹ፣ «ሚስቲቱ አላስችል ብሏት መርዶውን አወጣችው» ትባላለች።

ስንዝር የማይሞላ ብረት መሬት ላይ ዱብ አለ።

«እስቲ ውጪበት» አለ አለበል ብስክሌቱን ደግፎ። «ተረከዝሽን ታች ባለው ፔዳል ላይ አሳርፊ። ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«እግርሽ ሳይገተር?»

«ሳይገተር» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ።

«ትንሽ ከፍ ላድርገው እንዴ?»

«ይበቃኛል፣ አለበል።»

እትዬ ወለተ ኪዳን ጎንበስ ብለው የተቆረጠችውን ብረት አነሡ። ከመጋዙ ገና ትኩስ ናት። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት።

አለበል ብሎኑን ያጠብቃል። የሺመቤት መሪውን ጨብጣ ቁልቁል እግሯን ታያለች። ከዓባይ በኩል ነፋስ ተነሥቶ የብረቱን ብናኝ ከደጃፉ ጠረገው። እሳቸውም በሁለቱ ጀርባ አልፈው፣ ጩኸታቸውን ሰው በማይሰማበት ሊያወጡት የድልድዩን መንገድ ያዙ።