ኛጃል አቦቦ የገባችበት ቅዳሜ

በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጋምቤላ ውስጥ ባሮ ድልድይ አጠገብ የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ኛጃል፣ ታናሽ ወንድሟ ፑዎት፣ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ሳኒ፣ ጉዞውን የሚያስተባብረው ነርስ ደሞዝ፣ እንዲሁም ነጭ ቲሸርት ለብሶ ብስክሌቱን የያዘ የከተማው ወጣት ሁሉ። የቀረው የክብር እንግዳው ብቻ ነበር።

ቲሸርቱ ላይ «ኤም ኤስን ለመታገል ወደ አቦቦ» ተብሎ ተጽፏል። ኤም ኤስ የተባለው መልቲፕል ስክሌሮሲስ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቮቹን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ። ነጋዴዎች አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው አቦቦ ለሚደርስ ለእያንዳንዱ ብስክሌት ለሕሙማኑ መታከሚያ ገንዘብ ሊሰጡ ቃል ገብተዋል።

ኛጃል ከበሽታው ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ብዙውን ቀን ደኅና ናት። ሙቀት ሲበረታባት ግን ግራ እግሯ አልታዘዝ ይላታል፣ ዓይኗም ይደበዝዛል። ይህን የማያውቁ ሰዎች መንገድ ላይ ስትንገዳገድ አይተው «ትጠጣለች» ብለው አወሩባት። መጠጥ ቀምሳ ለማታውቅ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ይህ ከሕመሙ ይብስ ነበር። ወሬው አቦቦ ያለችው አክስቷ ኛዴንግ ጆሮ ደረሰ፤ አክስቷም ከዚያ ወዲህ ስልኳን አታነሳላትም።

«በራሴ ብስክሌት ነው የምገባው» አለችው ፑዎትን። «መኪና ላይ ተጭኜ ከገባሁ፣ ይኸው ሰክራ ጭነው አመጧት ነው የሚሉት።»

ፑዎት ራሱን ነቀነቀ። ሰው በተሰበሰበበት ቃል የሚወጣው ልጅ አልነበረም። ፍሬኑን ነካ፣ ጎማውን ጫን ጫን አደረገ፣ እንደገና ፍሬኑን ነካ።

«አቦ ተው፣ ፍሬኑን ጨረስከው!» አለው ሳኒ። «ብስክሌትህ እንኳ ደወል አለው። አንተ መቼ ነው ድምፅህን የምንሰማው?»

ፀሐይ ወጣች። የክብር እንግዳው መጣ፣ ንግግር አደረገ፣ ንግግሩም አላልቅ አለ። ኛጃል ወደ ሰማይ አየት አደረገችና የውሃ ጠርሙሷን አናቷ ላይ ገለበጠች። በመጨረሻ ፊሽካው ተነፋ።

ደወሉ ሁሉ ባንዴ ጮኸ። ባጃጆች ጥግ ያዙ፣ ሕፃናት እየጮኹ ተከትለው ሮጡ፣ ከየሱቁ በር ላይ ሰው እጁን አወዛወዘ። ፑዎት ከእህቱ ኋላ ሆኖ ፔዳሉን ሲረግጥ ነፋሱ ቲሸርቱን እንደ ሸራ ነፋው፤ ሳይታወቀው ጥርሱ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ኛጃል ሁለት ፈርጣማ ጎረምሶችን በቀኝ በኩል አልፋ ሄደች።

«ኧረ መምህርት፣ ለኛም ተይልን!» አላት አንዱ።

«ሰልፍ ያዙ፣ ልጆች!» አለች ዞር ሳትል፤ ተማሪዎቿን እንደምትለው።

አውሮፕላን ማረፊያው መገንጠያ ላይ ሠራተኞች ቆመው ውሃ አደሉ። ኛጃል ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹን ሻሿ ላይ አፈሰሰች። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ መጋል ጀመረ። ሌሎቹ ወደፊት ራቁ። ሳኒ ቦርጩን እያማረረ ከሁለቱ ጋር ቀረ፣ የደሞዝ ፒክአፕም ከኋላ በዝግታ ተከተላቸው።

አቦቦ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አንዲት የሰፋሪዎች መንደር አጠገብ፣ የኛጃል ግራ እግር ከፔዳሉ ላይ ሾለከ። መልሳ አስቀመጠችው፤ ደግሞ ሾለከ። ብስክሌቷ ወዲያ ወዲህ ተወላግዶ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆመ፣ እሷም ከኮርቻው ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሴቶች ከየቤቱ ሮጠው መጡ። አንዲት አሮጊት ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው ኛጃልን እስከ አንገቷ ጠቀለሏት።

«ወባ ነው! ሲያንቀጠቅጣት አታዩም? ሌላም ልብስ አምጡ!»

«እማማ... አይደለም...» አለች ኛጃል፣ ድምፅዋ ግን አልወጣ አለ። ሁለተኛ ብርድ ልብስ መጣ። ደሞዝ መኪናውን እያቆመ ነበር። ፑዎት ሰዎቹን አየ፣ እህቱን አየ። ኛጃል ዓይኗን ስትጨፍን ግን ከየት እንደመጣ ያላወቀው ጩኸት አፈተለከ።

«አንሱላት! ወባ አይደለም! ሙቀት ነው የሚጥላት! ውሃ! ውሃ አምጡ!»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ሱብሃነላህ!» አለ ሳኒ። «ተናገረ!»

አሮጊቷ ጋቢያቸውን መልሰው ገፈፉ። «ታዲያ ቀድመህ አትልም ነበር፣ የኔ ልጅ? ውሃማ መች ቸገረን!» ብለው ጋቢውን እንዳለ ባልዲ ውስጥ ነከሩትና እያንጠባጠበ ጭንቅላቷ ላይ ጣሉት። አንዷ እግሯ ላይ አፈሰሰች፣ ሌላዋ በሰፌድ አራገበችላት። ሳኒም ሳይጠራ ከነልብሱ ራሰ።

ኛጃል ከጋቢው ሥር ትንፋሿን ሰበሰበች። እየቆየ እግሯ ረጋ።

«እንግዲህ መኪና ላይ ውጪ» አላት ደሞዝ ጎንበስ ብሎ። «እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ደሞዝ፣ ወንድሜ፣ መኪናው ላይ አልወጣም።»

«ስንት ጣት ይታይሻል?»

«ሦስት። የአውራ ጣትህን ጥፍር ደግሞ አልቆረጥከውም።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ደሞዝ እጁን ኪሱ ከተተ። አስነሥቶ እስከ መንገዱ ዳር አስኬዳት፣ መለሳት፣ እንደገና አስኬዳት።

«አንድ ጊዜ እግርሽ ከሾለከ አበቃ» አለ በመጨረሻ። «ፑዎት፣ ከአጠገቧ እንዳትለይ።»

«እሺ! እንሂድ!» አለ ፑዎት። አሁንም እየጮኸ ነበር።

ሳኒ የጠርሙስ ክዳን በምስማር በሳ። ከዚያ ወዲያ ጎን ለጎን እየነዳ ጀርባዋ ላይ ውሃ ይረጭላት ጀመር፤ ባለቀበት ቁጥር ከፒክአፑ ሌላ ይቀበላል። «ቲማቲም እንኳ እንዲህ አጠጥቼ አላውቅም!» ይላል። ኛጃል ስትስቅ ብስክሌቱ ይወላገዳል፣ ፑዎት «አታስቃት!» ብሎ ይቆጣል፣ ራሱም ይስቃል። ግራ እግሯ እየከበደ ቢመጣም ከፔዳሉ ላይ አልወረደም። የአቦቦ የመጀመሪያዎቹ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲታዩ ፑዎት ደወሉን ይደውል ጀመር፤ አላቋረጠም።

ቀድመው የገቡት ሁሉ ከማንጎ ዛፎች ጥላ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ኛጃል ፍሬን ያዘች፣ ወረደች፣ እግሯ ከዳትና የፑዎትን ትከሻ ያዘች።

«ጠጥታለች እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

አክስቷ ኛዴንግ ሰዉን ገፍታ ወጣች። ረጅም፣ ኮስታራ ሴት ናት። የኛጃልን ፊት በሁለት እጇ ያዘችና አፏን አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ላብ ነው» አለች። ወዲያው ወደ ተናጋሪው ዞረች። «አንተ! ና እዚህ! ከጋምቤላ እዚህ ድረስ በዚህ ፀሐይ ንዳና ከዚያ አፍህን እናሸታለን!»

ሰውየው አልመጣም። ኛዴንግ የኛጃልን ክንድ ይዛ ወደ ጥላው ወሰደቻት፣ ፑዎትም ደሞዝ የያዘውን ድምፅ ማጉያ ተቀብሎ በሽታው ምን እንደሆነ ለሕዝቡ ተናገረ።

ከዚያ ኛዴንግ ቤት ገብተው ዓሣ በሉ። ብስክሌቶቹ በአይሱዙ ተጭነው ወደ ማታ ጋምቤላ ተመለሱ።