የቋሊማ ቤቱ ቀማሽ

አማቲቱ ድመቷን ከነጩኸቷ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ስትከት፣ ምራቲቱ መድኃኒቷን እንደያዘች በር ላይ ደረሰች። ከሐኪም ቤት መመለሷ ነው።

«እማማ፣ ምን አደረገችዎ?»

«የልጅ ልጄን ልትገድል ነዋ! ባልሽ ደውሎ ነግሮኛል። ቶክሶፕላዝማ የሚሉት በሽታ ደምሽ ውስጥ ተገኝቷል፤ የሚመጣውም ከድመት ነው።»

«ከድመት ዓይነ ምድርም፣ ከጥሬ ሥጋም ይመጣል ነው ያለው ሐኪሙ። ሁለተኛውን ልጅዎ አልነገረዎትም?»

ከኋላዋ የገባው ባሏ ዐይኑን ወደ ሥጋ መፍጫው መለሰ።

ቤተ ሰቡ የሚተዳደረው ቋሊማ እየሠራ በመሸጥ ነው። በዚያ ቤት የተፈጨው ሥጋ ጨው የሚለካው በምላስ እንጂ በሚዛን አልነበረም። ምራቲቱ ምላሷ የታመነ በመሆኑ፣ በየማለዳው ጥሬውን ትቀምሳለች። ማርገዟን ባስታወቀች ጊዜ እንኳ፣ «የነፍሰ ጡር ምላስ ይበልጥ ይስላል» ተባለ እንጂ ከቀማሽነቷ አልተነሣችም።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ቀምሼ ምን ሆንኩ?» አለች አማቲቱ። በንዴት እጇን ስታወራጭ ድመቷ ከከረጢቱ አምልጣ በመስኮት ወጣች።

«እርስዎ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። የሚጎዳው ሆዴ ውስጥ ያለው ነው!»

«በሥጋዬ ላይ ወሬ አታስወሪብኝ! ደንበኛ ቢሰማስ?»

«ደንበኛውማ ጠብሶ ነው የሚበላው! በጥሬው የምታስቀምሱት እኔን ነው።»

«ኧረ ቀስ በይ፤ ጎረቤት ይሰማል» አለ ባል።

«ይስማ! ሐኪሙ ሲናገር አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። የድመቷን ለእናትህ አወራህ፤ የሥጋውን ዋጥከው። ልጁ የጎረቤት መሰለህ እንዴ?»

አማቲቱ የታሸውን ሥጋ በሳህን አቀረበች።

«በይ አሁን ንዴቱን ተይው። የሆቴሉ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው፤ ቅመሺና አንጀቱ ውስጥ እንሙላው።»

«አልቀምስም።»

ጥግ ላይ ተቀምጣ ጭቅጭቁን ስትሰማ የቆየችው የአማቲቱ ሴት ልጅ ተነሣች። እርሷም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ እናቷን ልትጠይቅ የመጣች ናት።

«በቃ፣ አትጣሉ። እኔ እቀምስላችኋለሁ» ብላ ጣቷን ወደ ሳህኑ ሰደደች።

«ተይ!» እናትየው እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘች።

አማቲቱ የልጇን እጅ እንደጨበጠች ቀረች፤ ልትለቀውም፣ ምራቷን ቀና ብላ ልታይም አልቻለችም።

ምራቲቱ ሽርጧን ከምስማሩ አውርዳ በባሏ አንገት ላይ አጠለቀችው፤ ማንኪያም በጥሬው ሥጋ ሞልታ በእጁ አስያዘችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ቀማሹ አንተ ነህ» አለችው።