በወንዱ ዓሣ ሆድ ውስጥ

ዕንቁላል ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን፣ የከፈተችው ወንድ ዓሣ ነው፣ ቆለጡ መሐል ግን ዕንቁላል ተሰግስጓል፣ ኦዲሊያ ቢላዋውን ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሳለች፣ ምናልባት ተሳስታ እንደሆነ፣ የለም፣ ዕድሜ ልኳን ቻፓላ ሐይቅ ዳር ነጭ ዓሣ ስታረባ ወንዱን ከሴቷ መለየት ሊያቅታት ነው እንዴ? ሴቶቹስ ቢሆኑ፣ ሆዳቸው ባዶ፣ የጣሉትም ዕንቁላል ነጥቶ ይሞታል። መካን ኩሬ።

ትናንት የኩሬውን ዓሣ የመረመረችላት ዶክተር ኢራሴማ ከዩኒቨርሲቲው ደውላላት ነበር፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ቆይታ፣ ስፖንጅ እሳት እንዳይዘው የሚጨመርበት ኬሚካል ነው እትዬ ኦዲሊያ፣ በወንዙ ይመጣል፣ የዓሣው ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ሆርሞኑን ያዛባል፣ የገዛ ሰውነቱ ይዋሸዋል ይበሉት፣ ታዲያ ውሃው ቢቀየርስ? አለች ኦዲሊያ፣ ደለሉ ውስጥ ገብቷል እኮ፣ እኔና እርስዎ አልቀን እሱ አያልቅም።

ስፖንጅ። ወንዙ ራስጌ ያለው ፋብሪካ፣ ታናሽ ወንድሟ ሲልቬሪዮ የሚሠራበት፣ ያንን መርዝ በገዛ እጁ የሚቀላቅልበት፣ ምን ብላ ትነግረዋለች? ልጁ ዳማሪስ የተቃጠለችው ፍራሽ ላይ ነው፣ ሻማ ወድቆ፣ ስፖንጁ እንደ ጭድ ቦግ ብሎ፣ እሱ ፋብሪካ የተቀጠረው ከቀብሯ በኋላ ነው፣ ከእንግዲህ የማንም ልጅ እንዲህ አትሞትም ብሎ፣ ሥራ አይደለም ለሱ፣ ስእለት ነው።

እህት ዓለም!

መጣ። አሁን ነው መምጫው? በሩን በትከሻው ገፍቶ ይገባል፣ ይስቃል፣ ሲስቅ ካየችው ስንት ዘመኑ፣ ገምቺ እስቲ፣ ምኑን ልገምት አንተ ዕብድ፣ ፍሎራይዳ አርግዛለች! ሚስቱ አርግዛለች፣ ታቅፈዋለች፣ ደም የነካ እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ ደስ ይላታል፣ እውነት ደስ ይላታል፣ ዓይኗ ግን የተቀደደው ዓሣ ላይ ነው፣ በይ ወፈር ወፈር ያሉትን ስጪኝ፣ ሾርባ አምሯታል፣ ያንቺ ዓሣ ካልሆነ አልቀምስም ብላለች፣ ሞልቃቃ!

አልሰጥህም።

ሰሰትሽ እንዴ?

ዝም ብትል፣ ፍሎራይዳ በልታ ምን ትሆናለች፣ ዶክተሯ ስለ ሰው ስትጠየቅ ገና እያጠናን ነው አለች፣ ገና ማለት ምን ማለት ነው፣ ሆድ ውስጥ ያለው ገና የሚባል ነገር ያውቃል? ትነግረዋለች። ሁሉንም። ዓሣውን እያሳየችው።

ፈገግታው መሄጃ ያጣ ይመስል ፊቱ ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ያኔ ይሄ ነገር ፍራሹ ውስጥ ቢኖር ዳማሪስ ትተርፍ ነበር ይላል፣ አውቃለሁ ሲልቬ፣ አታውቂም፣ እሺ አላውቅም፣ ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? ምን ትበለው፣ ተወው? እሱ ቢተው ሌላው ይቀላቅለዋል፣ ማንም ባይቀላቅለው ደለሉ አለ፣ ደግሞስ እሳት አለ፣ እሳት መቼ ይጠፋል።

የፋብሪካው ሰርቪስ ከመንገድ ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፣ የከሰዓት ፈረቃ ነው፣ ሲልቬሪዮ እንደ ልማዱ ጉንጯን ሊስም ይጠጋል፣ ትከሻዋን ሊይዝ የዘረጋቸውን እጆቹን ያያል፣ ይሰበስባቸዋል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ይታጠባል፣ በሳሙና፣ እስከ ክርኑ፣ ጥሩምባው ይደገማል፣ አይሰማም፣ እጣቢው በሲሚንቶው ቦይ ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ኦዲሊያ የት እንደሚገባ ታያለች፣ ይብቃህ ልትለው ትፈልጋለች፣ እሱ ደግሞ ሳሙናውን እንደገና ያነሳል