በፍልሰታ የመጣ ወይን

ጎንደር ላለ አዲስ ሆቴል መጠጥ የምትመርጠው ወርቅውሃ ለናሙና የተላከላትን የፈረንሳይ ቀይ ወይን ሦስተኛ ጊዜ ቀመሰችው። ከሁለት ዓይነት የወይን ፍሬ የተቀላቀለ፣ ዓመት ያልሞላው ነው። አፍ ያደርቃል፤ ይመራልም። ተበላሽቶ ይሁን ወይስ ገና ስላልበሰለ፣ ብቻዋን መለየት ቸገራት፤ ይገዛ አይገዛ የሚለውን መልስ ደግሞ የሆቴሉ ባለቤት ዛሬ ይፈልጋል። አብሯት እንዳይቀምስ፣ ከእሷ በቀር የሆቴሉ ሰው ሁሉ ፍልሰታን ይጾማል።

"አያ ህሩይ፣ እባክዎ ይቅመሱልኝ" አለች ቢቸግራት የበሩን ዘበኛ።

"በጾም? ምነው ልጄ፣ በንስሐ አባቴ ልታስገዝቺኝ ነው?" ብለው ሳቁና አሸተቱት። "ሽታውስ ሸጋ ነው፤ እንደ ጉሽ ጠላ አልሰከነም እንጂ።"

"ተበላሽቷል?"

"እሱን የቀመሰ ይፍረድ።"

ተመልሳ ቀመሰች። ከምሬቱ ሥር የእንጆሪ ጣዕም አገኘች፤ የተበላሸ ወይን ይህ አይኖረውም። "ጤነኛ ነው፤ ገዝተን ዓመት እናቆየው" ብላ ጽፋ ላከች። ለአያ ህሩይ ልትነግራቸው ወደ በሩ ሮጠች። እሳቸው ግን ተራቸውን አስረክበው ቅዳሴ ሄደዋል። የምታካፍለው ሰው ስላጣች እዚያው ቆማ፣ ጣዕሙ ከአፏ እስኪጠፋ ጠበቀች።