ካረፈበት ያስጠሩት

አሮጌውን ባለ ሰንሰለት ሎደር ሳይገዛው እንድመረምርለት ታናሽ ወንድሜ እየጎተተ ወሰደኝ። እኔ መካኒኩ ገና ሳላየው የእሱ ልብ ገዝቶት ጨርሷል።

ሞተሩን ስነካው ትኩስ ነው።

«አልነሳም ብሎ እንዳያሳጣዎት ቀድመው አሙቀውታላ!» አልኳቸው ሻጩን ሽማግሌ። ዘይቱን አየሁ፤ ሰንሰለቱን ለካሁ። አርጅቷል፣ ግን ይሠራል።

«ኦፕሬተሩ የታለ? አመሉን የሚያውቀው እሱ ነው።»

«አርፏል» አሉ።

«እኛ በፀሐይ እየነደድን እሱ ያርፋል? ካረፈበት ያስጠሩት እንጂ!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን እንደተናደድኩ ሎደሩ ላይ ወጣሁ። የጣሪያውን ምሰሶ አዲስ ቀለም በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ ብየዳ ብቅ አለ። ሌሎቹንም ፋቅኳቸው፤ አራቱም ጎብጠው የተቃኑ ናቸው። ይህ ሎደር ተገልብጦ ያውቃል። ያረፈው ሰውዬ የት እንዳረፈ ያን ጊዜ ገባኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ። «ምንዎ ነበር?» አልኳቸው በቀስታ።

«ልጄ።»

ወንድሜ ከኋላዬ ሎደሩ ላይ ወጥቶ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ና እየው!» አለኝ ከላይ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ። «ወንበሩኮ አዲስ ነው!»